ኢንቨርተር ልገዛ ነው፤ ሻጩ «3000 ዋት ውሰጂ» አለኝ፣ ምን ትላላችሁ?

ከሄርማታ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከጅማ ነው የምጽፈው። ሄርማታ አካባቢ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። መብራት ሲጠፋ የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚያደርስ ኢንቨርተር ለመግዛት ብዬ ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። አሁን ገንዘቡ ሞላ፤ የትኛውን እንደምገዛ ግን ግራ ገባኝ።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆር ሲል እኛ ቤት ሁሉም ሰው ስልኩን ለመሰካት ይሯሯጣል። ነጎድጓዱ በጂረን በኩል ሲጀምር መብራቱ ይሄዳል። አንዳንዴ በ20 ደቂቃ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ግን ለሦስትና ለአራት ሰዓት ይቆያል፤ ለአምስት ሰዓት የጠፋበትም ቀን አለ። ግልገል ጊቤ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ሆኖ እኛ በሻማ መቀመጣችን ያሳዝነኛል።

እኔ ማታ ማታ ቤት ሆኜ ጽሑፍ እተረጉማለሁ። ሥራው በሰዓቱ ካልደረሰ ክፍያ የለም። ባለፈው ሳምንት 14 ገጽ ጨርሼ ልልክ ስል መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ስለደከመ 25 ደቂቃ እንኳ አይቆይም። በዝናብ ባጃጅ ይዤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሄድኩና ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፈልጌ ላክሁት። የደረሰው የማስረከቢያው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ሌላው ጭንቀቴ እናቴ ናት። ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የፍሪጁን በር ትከፍትና ጠርሙሱን በመዳፏ ይዛ ትቆያለች፤ ቅዝቃዜው እንዳለ ለማረጋገጥ። አይቻት ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምፈልገው ይህን ነው። ላፕቶፕ፣ የዋይፋይ ራውተር፣ አምስት አምፖል፣ ስልኮች፣ 32 ኢንች ቴሌቪዥንና ፍሪጁ። አምፖሎቹ ባለ 9 ዋት ናቸው። ፍሪጁ ትንሽ ነው፤ ጀርባው ላይ 0.9 አምፔር ይላል። አንድ ሱቅ ገብቼ ጠየቅሁ። ሻጩ «3000 ዋት ኢንቨርተር ከአንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ጋር ውሰጂ፤ ምጣድም ሳይቀር ያስነሳልሻል» አለኝ። ዋጋው ካጠራቀምኩት ጋር ልክ ነው። ቅዳሜ ልከፍል ነው። ልክ ነው ወይ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ባለ ሱቅ ከቦሳ፦

እህቴ፣ ትልቁን ግዢ። ትንሽ ገዝተሽ በኋላ አቅም አነሰኝ ከማለት አሁኑኑ መጨረስ ይሻላል። እኔ የእህል ሱቅ አለኝ፤ ትልቅ ኢንቨርተር ነው ያለኝ። ሚዛኑም አምፖሉም ሲሠራ ይውላል። አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ዋት ሲበዛ አይከፋም።

የድሮ ኤሌክትሪሺያን፦

እህቴ፣ ገንዘቡን ገና ስላላወጣሽ ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ አትክፈዪ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

እኔ ጅማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥራ 27 ዓመት ቆይቻለሁ። «ኢንቨርተሬ አልሠራ አለ» ተብዬ ተጠርቼ ስሄድ፣ ብዙ ጊዜ ኢንቨርተሩ ደህና ነው። የታመመው ባትሪው ነው፤ ወይም ሽቦው። ኢንቨርተር መብራት አያመነጭም። ባትሪው ውስጥ ያለውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት ነው የሚቀይረው። ባትሪው ውስጥ ከሌለ ከየትም አያመጣውም።

አሁን የተባለሽን እንየው። 3000 ዋት ከ12 ቮልት ለማውጣት 250 አምፔር ያስፈልጋል። አንድ ባለ 100 ባትሪ 250 አምፔር ሲጠየቅ ቮልቴጁ ወዲያው ይወርዳል። ኢንቨርተሩ ይጮህና ይዘጋል። ባትሪውም ይጎዳል። ምጣድ ደግሞ 3500 ዋት ገደማ ነው የሚበላው። እንጀራው ሳይበስል ነገሩ ያበቃል። ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ ከኢንቨርተር ሐሳብሽ ይውጡ። ለነሱ መብራት እስኪመጣ ጠብቂ፤ ወይም ከሰል።

የቦሳው ወንድማችን አልተሳሳተም፤ የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ሚዛንና አምፖል ኢምንት ነው፤ የትኛውም ኢንቨርተር ይችለዋል። ግን ትልልቆቹ ምንም ሳይሰካባቸው እንዲሁ በርተው ብቻ 30 እና 40 ዋት የሚበሉ አሉ። በአምስት ሰዓት ውስጥ 200 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ያ ላንቺ ላፕቶፕ የአንድ ሙሉ ማታ ሥራ ነው።

ስለዚህ ከዋቱ አትነሺ። ቤትሽ ከሚበላው ተነሺ። እኔ ልቁጠርልሽ። ራውተር 12 ዋት። አምስቱም አምፖል አንድ ላይ አይበራም፤ ሦስቱን እንያዝ፣ 27 ዋት። ላፕቶፑ ቻርጀሩ ላይ 65 ይላል፤ ሲሠራ በአማካይ 40 ገደማ ይወስዳል። ቴሌቪዥኑ 50። ሁለት ስልክ 20። ድምሩ 150 ዋት አካባቢ ነው። በአምስት ሰዓት ስታበዢው 750 ዋት ሰዓት። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነውን ስትጨምሪ 900 ገደማ ይደርሳል።

የባትሪውስ? ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 ጄል ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ጄል የሚባለው ፈሳሹ የረጋበት የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ከግማሽ በታች ሲራቆት ግን ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የምትጠቀሚው 600ውን ነው። 900 ከ600 አይወጣም። ያ ሻጭ የሰጠሽ ሐሳብ ያለ ፍሪጅም አያደርስሽም።

ፍሪጁን እንጨምር። 0.9 አምፔር የሚለው ሲሠራ 120 ዋት ሊሆን ይችላል። ግን ያለማቋረጥ አይሠራም። ይነሳል፣ ያርፋል። በአማካይ 55 ዋት ያዢለት። በአምስት ሰዓት 275። ጠቅላላው ከነብክነቱ 1200 ዋት ሰዓት ገደማ ሆነ። ሁለት ባለ 100 ጄል ባትሪ ግማሹ ልክ 1200 ነው። ጠባብ ነው፤ ግን ይበቃል። ቴሌቪዥኑን ካጠፋሽ ደግሞ ይተርፋል።

ሁለቱን ባትሪ በተከታታይ አገናኝተሽ 24 ቮልት አድርጊው። ኢንቨርተሩም ባለ 24 ይሁን። ለምን ብትዪ፣ 1000 ዋት በ12 ቮልት ከ83 አምፔር በላይ ነው፤ በ24 ቮልት 42 ነው። አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ ሽቦውም ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ በአንድ ቀን ይገዙ። አሮጌና አዲስ አታጋቢ።

የኢንቨርተሩ መጠን የሚወሰነው በፍሪጁ መነሻ ነው። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስት፣ ስድስት እጥፍ ይስባል። 120 ዋት የነበረው 700 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ያለማቋረጥ ከ1000 እስከ 1500 ዋት የሚሰጥ ይበቃሻል። «ያለማቋረጥ» የሚለው ላይ ጠንቀቅ በዪ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለሁለት ሴኮንድ የሚችለው ነው። በዋት ፈንታ ቪኤ (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) ብሎ የጻፈም አለ። 1500 ቪኤ በ0.8 ሲባዛ 1200 ዋት ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠውን ልንገርሽ። ፒዩር ሳይን ዌቭ ይሁን፤ የሚያወጣው ሞገድ እንደ መብራት ኃይል ልስልስ የሆነ ማለት ነው። ሞዲፋይድ የሚባለውን፣ ሞገዱ ደረጃ ደረጃ የሆነውን፣ አትግዢ፣ በርካሽ ቢሰጥሽም። ይህን በራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ለእህቴ ቤት ሞዲፋይድ ገዝቼ ገጠምኩ። አምፖሉ በራ፣ ቴሌቪዥኑ ሠራ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ፍሪጁ ግን ይንገሸገሽ ጀመር። ሞተሩ እምምም ይላል፣ አይነሳም፣ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ከሦስት ደቂቃ በኋላ እንደገና እምምም፣ ቀጭ። ጀርባውን በእጄ ስነካው ያቃጥላል። እህቴ «ተወው ይለምደዋል» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ኮምፕሬሰሩ ተቃጠለ። ያ ፍሪጅ የሠርጓ ስጦታ ነበር። እስካሁን ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሻጭ ሁሉ «ፒዩር ነው» ይላል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄጂ ሁለት ነገር ይዘሽ ሂጂ። አንደኛው ማራገቢያ ነው፤ የቤት ፋን። ኢንቨርተሩ ላይ ይሰካልሽ። ድምፁን ስሚ። በመብራት ኃይል እንደሚሠራው ፀጥ ካለ ጥሩ ነው። እንደ ንብ ከጮኸ ተመለሺ። ሁለተኛው ካውያ ነው። ጀርባው ላይ 1000 ወይም 1200 ዋት የሚል። ከባትሪ ጋር አገናኝተው ካውያውን ከቀዝቃዛው አንስተው እስከ መጨረሻው ይክፈቱልሽ። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። 3000 ነው የተባለ ኢንቨርተር በአንድ ካውያ ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ለመሞከር ፈቃደኛ ያልሆነ ሱቅ ካለ፣ ጎረቤቱ ያለው ሱቅ ይሞክርልሻል።

ሽቦው ላይ አትሰስቺ። ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። በ12 ቮልት ሥርዓት 100 አምፔር በባለ 6 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ሦስት ሜትር ቢሄድ፣ 0.9 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ወደ 90 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ማለት ነው፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ላንቺ በ24 ቮልት ባለ 25 ሽቦ አስገጥሚ፤ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥ። ከባትሪው አወንታዊ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ። ብሎኑ በደንብ ይጥበቅ። ከሳምንት በኋላ እንደገና አጥብቂው፤ ይላላል።

አንድ ነገር በእግዚአብሔር ስም እለምንሻለሁ። ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ «ከኢንቨርተሩ ወደ ግድግዳው ሶኬት እንሰካውና ቤቱ ሁሉ ይበራል» የሚል ሰው ከመጣ፣ ከበር መልሺው። መብራቱ ሲመጣ ኢንቨርተሩ ይፈነዳል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ መስመሩ የሞተ መስሎት ይነካዋል። እኔ ምሰሶ ላይ ሠርቻለሁ። ለነዚያ ልጆች ስትዪ ለብቻው መስመር አስዘርጊ።

ስለ ጊቤ ያልሽው የሁላችንም ቁጭት ነው። ግልገል ጊቤ አንድ በ2004 እንደ ፈረንጆቹ ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋዋት ነበር። ግን የሚያመነጨው ወደ አገሪቱ መረብ ነው የሚገባው፤ በቀጥታ ወደ ሰፈራችን አይመጣም። ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋብን አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ማከፋፈያ መስመር ላይ ነው። ቅርንጫፍ ይነካዋል፣ መብረቅ ይመታዋል፣ ፊውዝ ይበጠሳል።

ነርስ ነኝ፦

ስለ እናትሽ ኢንሱሊን አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ ተረጋጊ። ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የተከፈተው፣ አሁን እየተወጋች ያለችው ግን፣ ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው የክፍል ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያሉ። እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቢላት፤ ወይም የሰጣችሁን ፋርማሲ ጠይቂ። ጅማ በክረምት ከዚያ በታች ነው። መብራት ለአምስት ሰዓት ጠፋ ተብሎ ኢንሱሊኑ አይበላሽም።

ይልቅ የሚጎዳው በሩን መክፈቷ ነው። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። እናትሽ በከፈተች ቁጥር ብርዱ ይወጣል። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘሩ ውስጥ በረዶ ይሁን። መብራት ሲሄድ አንዱን ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርጂ። ኢንሱሊኑ ግን በረዶውን እንዳይነካ አደራ። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ከሞቀው የባሰ ነው፤ ቀልጦ ደህና ቢመስልም ይጣላል።

ፍሪጅ የሌላቸው ታካሚዎች በእርጥብ አሸዋ መሐል የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ይጠቀማሉ። በበጋ ጥሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን የኛ አገር አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ ብዙም አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ያንቺ የበረዶ ጠርሙስ ይሻላል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ፍሪጁ ኢንቨርተሩ ላይ ባይኖርም እናትሽ አትጎዳም። ሐሳብሽን በዚያ ቀንሺ።

የአጋሮ መንገድ፦

እኔ ቡና ላይ ነው የምሠራው። በፒክአፕ ከጅማ አጋሮ፣ ከአጋሮ ጎማ ወረዳ ስንመላለስ እንውላለን። መኪናዋ ቤታችን ናት ማለት ይቻላል፤ የምናድርባትም ቀን አለ። ላፕቶፕ፣ ስልክና የእርጥበት መለኪያ ቻርጅ የምናደርገው በመኪና ኢንቨርተር ነው። መኪና ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ፊውዙ ከ10 እስከ 15 አምፔር ነው። በ12 ቮልት ከ120 እስከ 180 ዋት ማለት ነው። 500 ዋት ኢንቨርተር ገዝታችሁ እዚያ ብትሰኩ ፊውዙ ይቃጠላል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በቀጥታ ከባትሪው፣ በወፍራም ሽቦና በፊውዝ ነው። ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ የመኪናው ባትሪ ቶሎ ያልቃል። እኛ ጎማ ጫካ ውስጥ አንድ ሌሊት መኪናዋን በገፊ ያስነሳነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ለብቻው ሁለተኛ ባትሪ አስገባን።

ለእህታችን ግን የምመክረው ሌላ ነው። ራውተሩን ከኢንቨርተሩ አውጪው። ራውተር ራሱ ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው። ባትሪውን ወደ 220 ቀይሮ፣ በአዳፕተር ደግሞ መልሶ ወደ 12 ማውረድ ብክነት ነው። ለራውተር ብቻ የተሠራች፣ የእጅ መዳፍ የምታህል፣ የራሷ ባትሪ ያላት ዩፒኤስ አለች። እሷን አስገቢለት። ያኔ ሁሉም ከተኛ በኋላ ኢንቨርተሩን ዘግተሽ ዋይፋዩ ይቀጥላል።

ጋሼ ኤሌክትሪሺያን፣ እርስዎን ልጠይቅ። በዚህ ዘመን ጄል ባትሪ ለምን ይመክሯታል? ሊቲየም አይሻላትም?

የድሮ ኤሌክትሪሺያን፦

የአጋሮው ወንድሜ፣ ስለ ራውተሩ ያልከው እውነት ነው፤ እኔ ዘንግቼው ነበር። ነርሷ እህቴ፣ አንቺንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍሪጁን ከኢንቨርተሩ ማውጣት ከተቻለ ሒሳቡ ሁሉ ይቀላል።

ሊቲየም ይሻላል። አልክድም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት እስከ 80 በመቶ ብትጠቀሚበት አይጎዳም። ባለ 24፣ ባለ 100 ብትገዢ ወደ 2000 ዋት ሰዓት ታገኚበታለሽ። ከጄል ጋር ሲነጻጸር ዕድሜው በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ክብደቱም ቀላል ነው። ጄል ያልኩት ያጠራቀምሽውን ገንዘብ አስቤ ነው። ከቻልሽ ሊቲየም ውሰጂ፣ አሥር ጊዜ ይሻልሻል። ግን ሁለት ነገር አረጋግጪ። ኢንቨርተሩ የሊቲየም ቻርጅ ማስተካከያ ይኑረው። ባትሪው ደግሞ አዲስ ይሁን። ከአሮጌ ዕቃ ተፈትቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጥ አለ፤ እሱን ቤትሽ አታስገቢ።

ቻርጀሩ ከኢንቨርተሩ ጋር አብሮ ያለውን ምረጪ። መብራት ሲሄድ ራሱ ይቀይራል፣ ሲመጣ ራሱ ይሞላል። ግን ስንት አምፔር እንደሚሞላ ጠይቂ። ጄል ከአቅሙ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው የሚሞላው። ላንቺ ባለ 100 ከሆነ ከ10 እስከ 20 አምፔር። የባትሪውን ዓይነት ማስተካከያው ላይ በትክክል አስገቢ። ጄል ለሆነው የውሃ ባትሪ ቮልቴጅ ከሰጠሽው ውስጡ ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ አይድንም። ሶላር መቀበያ ያለው ከሆነ ለወደፊቱ ጥሩ ነው። አሁን ግን አትቸኩዪ።

ከሄርማታ፦

ጋሼ፣ ነርሷ እህቴ፣ የአጋሮው ወንድሜ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የቦሳውም ወንድሜ አመሰግናለሁ። ከአንድ ወር በኋላ ነው የምጽፈው፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ አልከፈልኩም። ወንድሜ ማራገቢያውን ተሸከመ፣ እኔ ካውያውን በፌስታል ይዤ አራት ሱቅ ዞርን። የመጀመሪያው ሱቅ «እኛ አንሞክርም» አለን። ሁለተኛው ሞከረልን፤ ማራገቢያው ልክ እንዳሉት እንደ ንብ ጮኸ። ወንድሜ አየኝ፣ አየሁት፣ ወጣን። ሦስተኛው 2000 ዋት የሚል ነበር። ማራገቢያው ደህና ነው። ካውያው በተሰካ በ40 ሴኮንድ ቀይ መብራት በራና ዘጋ። አራተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ካውያውን ሲያዩ «ማን መከረሽ?» አሉኝ፤ ወንበር ሰጥተውኝ አምስት ደቂቃ ሙሉ አብረውኝ ጠበቁ። 1500 ዋት፣ ባለ 24 ቮልት። አልዘጋም። ከሁለት ባለ 100 ጄል ጋር እሱን ገዛሁ። ለሊቲየም አልደረስኩም። ለራውተሩ ትንሿን ዩፒኤስ ጨመርኩ።

ፍሪጁን ለጊዜው ተውኩት። እናቴ ጠርሙሱን በረዶ አድርጋ ታስቀምጣለች። በሩን መክፈት አቁማለች፤ ወረቀቱን ጮክ ብዬ አንብቤላት ነው ያመነችው። ትናንት ማታ ለሦስት ሰዓት ተኩል ጠፋ። 9 ገጽ ተርጉሜ በሰዓቱ ላክሁ። ጎረቤታችን ለልጇ ቤት ሥራ ብላ ልጇን ይዛ መጣች፤ ከኛው አምፖል ሥር ተቀመጡ።

አንድ ችግር ብቻ አለ፣ ጋሼ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ መብራት እያለ ኢንቨርተሩ ጠቅ ጠቅ ይላል። ወደ ባትሪ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ወንድሜ በቴስተር ለካው። ከ168 እስከ 175 ቮልት ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?

የድሮ ኤሌክትሪሺያን፦

አልተበላሸም፣ ልጄ። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ይለኩሳል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል። ኢንቨርተርሽ የተስተካከለው በጠባቡ ነው። ከ170 በታች ሲሆን መብራት የጠፋ ይመስለዋል። ማስተካከያው ውስጥ ግቢ። የሚገባውን ቮልቴጅ የሚመለከተው በብዙዎቹ ላይ ቁጥር 03 ነው። ሁለት ምርጫ አለው፤ ኤፒኤል የሚለውን ያዢ። ያኔ እስከ 90 ቮልት ይታገሳል። ላፕቶፕሽ ላይ እይ፤ ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ይላል፣ አይጎዳም። አብዛኛው የአምፖልም የስልክም እንደዚያው ነው።

ግን አስተውዪ። መብራት እያለ ኢንቨርተሩ የመጣውን እንዳለ ነው የሚያሳልፈው፤ ቮልቴጅ አያስተካክልም። ስለዚህ ፍሪጁን ወደፊት ከዚህ መስመር ላይ ስታስገቢ፣ ለብቻው ትንሽ ስታብላይዘር ያስፈልገዋል። መብራት ሲመለስ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀውን ዓይነት ግዢ። ከቀየርሽው በኋላ ማታ ቮልቱን ለኪና ጻፊልኝ።

ከሄርማታ፦

ቀየርኩት፣ ጋሼ። ቁጥር 03 ነው፣ ልክ እንዳሉት። ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ 166 ነበር። አንድም ጠቅ አላለም።